ወገቤና የደምሌ ዝላይ

ወገቡን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው "ከባድ ነገር አንስተህ ይሆናል" የሚለውን ነው። እኔም ሰምቻለሁ፤ አምኛለሁም። ይህን መጻፍ የጀመርኩት እንደ እኔ ቶሎ የሚያምን ሰው አንድም ቢሆን እንዲቀንስ ብዬ ነው። ሌላም ነገር አለ። በታመምኩበት ዘመን ሁሉ ከወገቤ ሕመም እኩል ሲያንገበግበኝ የኖረው ቅናት ነበር። ለወገቤ ብዙ ሰው መድኃኒት አዘዘልኝ፤ ለቅናቴ ግን "ተው" ከማለት በቀር ያዘዘልኝ የለም። ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ እጽፋቸዋለሁ።

ይመር እባላለሁ፤ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ። ስፖርቴ የምርኩዝ ዝላይ ነበር። ለማያውቀው፣ ረጅም ምርኩዝ ይዘህ ትሮጣለህ፤ ጫፉን መሬት ላይ ባለች ጉድጓድ ትተክላለህ፤ ምርኩዙ ጎብጦ ሲቃና ወደ ላይ ይወረውርሃል፤ ከላይ የተጋደመውን አግዳሚ ሳትጥል ካለፍክ ማዶ ፍራሽ ላይ ትወድቃለህ። አገሩ የሯጭ አገር ነውና ይህን ስናገር የማይስቅ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። እናቴ ራሷ ለጎረቤት "ይሮጣል" ነበር የምትለው። ለምን እንደምትዋሽ ስጠይቃት፣ "ታዲያ እንጨት ይዞ ይዘላል ልበል? የአጥር ሌባ ይመስላቸዋል እኮ!" ትለኛለች።

ደምሌ የውጫሌ ልጅ ነው። የተገናኘነው ተማሪ ሳለን በዞን ውድድር ነው። ያኔ የምንዘለው በሽመል ነበር፤ የምንወድቀውም የጤፍ ጭድ በተጠቀጠቀ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ። ጭዱ በአንገት ይገባና ሳምንት ሙሉ ያሳክካል። ኋላ ደሴ ያለ አንድ ክለብ ሁለታችንንም ወሰደንና በአንድ ክፍል አልጋ ለአልጋ ተኛን። በዝላይ ደምሌ ሁልጊዜ ከእኔ በታች ነበር። ይህን አሁንም ስጽፈው ደስ ይለኛል።

አንድ ዓመት፣ ጎረቤት አገር በሚካሄድ ዓለም አቀፍ የአትሌቲክስ ሻምፒዮና ላይ በወንዶች ምርኩዝ ዝላይ የሚወዳደር ሰው እንዲላክ ተወሰነ። ሯጮቹ አውቶቡስ ሞልተው ሲሄዱ ከእኛ አንድ ሰው ብቻ! ያ ሰው እኔ ሆንኩ። ደምሌ ዜናውን እንደሰማ አቅፎ ከመሬት አነሳኝ። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ያን ቀን ራሴን አሞኛል ብዬ ተሸፋፍኜ እተኛ ነበር።

ወገቤ ማመም የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ስነሳ ብቻ ስለነበር ብርድ የመታኝ መሰለኝ። እያደር ቀኑን ሙሉ ያዘኝ። ከባድ ነገር አንስተህ ይሆናል ያለኝ አሰልጣኛችን ነው። የአትሌት ሥራው ከባድ ነገር ማንሳት ስለሆነ፣ አዎ አልኩት። ሌሊት አንሶላዬ በላብ ይርሳል፤ እሱንም የልምምዱ ድካም ነው አልን።

እዚህ ላይ ከምርኩዝ ዘላይ በቀር ማንም የማይሠራውን ስሕተት ሠራሁ። እየከሳሁ ነበር፤ በመክሳቴም ደስ አለኝ። ሌላ ሰው ሱሪው ሲሰፋው ይደነግጣል፤ እኔ ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ እየበሳሁ እስቅ ነበር። የቀለለ ሰው ከፍ ይላል ብለን እናምናለና። ምግብ አልወርድ ሲለኝ እንኳ "ሰውነቴን እየተቆጣጠርኩ ነው" አልኩ። ደምሌ "እንዴት አድርገህ ነው እንዲህ የቀለልከው?" ብሎ ሲጠይቀኝ ጥበብ እንዳለው ሰው ፈገግ አልኩ።

ምርኩዝ ደግሞ የሚሠራው በሰው ክብደት ልክ ነው። ለከባድ ሰው የተሠራውን ቀላል ሰው ቢይዘው አይጎብጥለትም። የእኔም አልጎብጥ አለኝ። ተክዬው ስነሳ እንደ ግድግዳ ወደ መጣሁበት ይመልሰኛል። ፀሐይ መቶት ነው፣ አስቀማመጡ ነው፣ አርጅቷል፣ ያላልነው የለም። በመጨረሻ አሰልጣኙ "እስቲ ደምሌ ይሞክረው" አለ። ደምሌ ሮጦ ተከለው፤ ምርኩዙ ለጥ ብሎ ጎበጠለትና አግዳሚውን ዘሎ ማዶ ወደቀ። አሰልጣኙ "ምርኩዙስ ደህና ነው" ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ሰው በሚስቱ ይቀናል፤ እኔ ያን ቀን በምርኩዜ ቀናሁ። ልጁን እስቲ ሚዛን ላይ አውጡት ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኩ።

ወጌሻ ዘንድ የወሰደኝ ደምሌ ነው። ውጫሌ አጠገብ የሚኖሩ፣ አገር የመሰከረላቸው አባት ናቸው። "ጅማቱ ዞሯል" ብለው ቅቤ ቀቡኝና በጉልበታቸው ጭምር ተጫኑኝ። ጩኸቴን ገበያተኛው ሳይሰማው አልቀረም። ስንት የወለቀ ትከሻ የመለሱ ሰው ናቸውና በሳቸው ቂም የለኝም፤ የእኔ በሽታ በእጅ ተዳሶ የሚታወቅ አልነበረም። በደምሌ ግን ቂም ያዝኩ። ወደ ሐይቅ በሚመልሰን ሚኒባስ እያቃሰትኩ፣ ቦታዬን ሊወስድ ሆን ብሎ ነው ስል አሰብኩ። እሱ ደግሞ በዚያው ሰዓት ጃኬቱን አጣጥፎ ከጀርባዬ ያደርግልኝ ነበር።

ልምምዱን አቁሜ ከእናቴ ቤት ገባሁ፤ ትኩሳት ያዘኝና የክሊኒኩም ዘመን ተጀመረ። የመጀመሪያው ክሊኒክ ደሜን አይቶ "ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ" አለኝ። በአገራችን ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ ሳይባል የወጣ ሰው ካለ ንገሩኝ። የታዘዘልኝን ጨረስኩ፤ ትኩሳቱ ጋብ አለ፤ ወገቤ ግን ባሰበት። ተመልሼ ስሄድ "አገርሽቶብህ ነው" ተባልኩ። ሌላ ክሊኒክ "የኩላሊት ጠጠር ነው፤ ውኃ ጠጣ" አለኝ። ስጠጣ ከረምኩ። ስለ ላቡም ስለ ክሳቱም የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ጥሩ ነገር መስሎኝ አላነሳሁትም።

እህቴ ዘሀራ ከመኪና መንገዱ ዳር ትንሽ ዓሣ ቤት አላት። ለክሊኒክና ለመድኃኒት የሚወጣው ከሷ ነበር፤ ኋላም የዓሣ ማቆያ ፍሪጇን ሸጠች። ከዚያ ወዲያ የጠዋቱን ዓሣ እስከ ምሳ ካልጨረሰች ለጎረቤት ታድላለች። ከእናቴ ጋር በየቀኑ ይጣሉ ጀመር።

"ደሴ ይሂድ እያልኩሽ ነው፣ እማ። እነዚህ ልጁን ሊጨርሱት ነው።"

"እስቲ መጀመሪያ ዱዓ ይደረግለት። ኸዚያ ወዲያ ይሄዳል።"

"ዱዓውም ይደረግ፤ ደሴም ይሂድ። ሁለቱን አንድ ላይ አይሆንም ያለሽ ማነው?"

እኔ ከጓዳ ተኝቼ እሰማለሁ። የእናቴም የእህቴም ድምፅ በእኔ ምክንያት ሲሻክር መስማት ከወገቤ ይብስብኝ ነበር።

ደምሌ የደወለልኝ በዚያ ሰሞን ነው። "ይመርዋ፣ አፉ በለኝ" ብሎ ጀመረ። ይቅርታ ሲጠይቀኝ ነገሩ ገባኝ። "ስምህን አውጥተው የእኔን አስገቡ። እኔ አልጠየቅኩም፤ በናቴ ሞት።"

"እንኳን ደስ አለህ" አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ። ለወገቤ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

የሚያስደነግጠው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ከቤት ወጥቼ በዝግታ ስራመድ አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመና ሹፌሩ "ወንድም፣ ጫማህን ኮ ጥለሃል!" አለኝ። ዞር ብል ነጠላ ጫማዬ ወደ ኋላ ቀርቷል። ባዶ እግሬን ፀሐይ በመታው አስፋልት ላይ ስሄድ ቆይቼ አልተሰማኝም። ውስጥ እግሬን በጥፍሬ ቧጠጥኩት፤ የሌላ ሰው እግር ይመስል ነበር። ሹፌሩ ሁኔታዬን አይቶ አስገባኝና ዘሀራ ዓሣ ቤት አደረሰኝ፤ ሒሳብም አልተቀበለም። በማግስቱ ደሴ ነበርን።

ስለ ደሴው ሆስፒታል ወረፋ ብዙ አልልም፤ የተቀመጠበት ያውቀዋል። አግዳሚ ወንበሩ ጠንካራ ነው፤ ለእኔ ደግሞ መቀመጥ ከመቆም የባሰ ነበር። እየቆምኩ፣ እየተደገፍኩ፣ ስሙ በተጠራ ሰው ሁሉ ቀናሁ። ከሐኪሙ ክፍል እየሳቀ የወጣ አንድ ሰውዬ ነበር፤ ያን ሰውዬ እስከ ዛሬ አልወደውም። ሚስታቸውን ይዘው ከአምባሰል ገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ ሲያዩኝ ቆይተው ተራቸውን ለቀቁልኝ።

"እንዴ አባባ፣ እርስዎ ከሌሊት ጀምሮ ነው ያሉት" አልኳቸው።

"እኛ ተቀምጠን እንጠብቃለን፣ ልጄ። አንተ መቀመጡንም አልቻልክ። ግባ፣ አላህ ያሽርህ።"

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቁጡም ናት። ጀርባዬን በጣቶቿ እየነካካች ወርዳ አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

"ሌሊት ያልብሃል?"

"አዎ።"

"ከስተሃል?"

"አዎ፣ በደንብ ቀልያለሁ" አልኩ፤ ልማዴ ሆኖ በኩራት።

ቀና ብላ አየችኝ። "ይኼ ደስ ይላል እንዴ?" ስለ ምርኩዙ ነገርኳት፤ አልጎብጥ እንዳለኝ፣ ለደምሌ እንደጎበጠ። ሰምታኝ ስታበቃ፣ "የመጀመሪያው ሐኪምህ ምርኩዙ ነበር፤ አልሰማችሁትም" አለችኝ።

ኤምአርአይ በሚባለው፣ ዋሻ በሚመስል ማሽን ተነሣሁ። ውጤቱ የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ሆነ። ቲቢ የሚይዘው ሳንባን ብቻ ይመስለኝ ነበር። አጥንትም ይይዛል፤ ቀስ እያለ ይበላል። ሁለት የወገብ አጥንቶቼን በልቶ መግል ቋጥሮ ወደ እግሬ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። ሌላ ሰው እንደገና ቢያሸኝ ኖሮ እግሬን ላጣው እንደምችል ነገረችኝ። መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ ግን አንድ ዓመት ያህል በየቀኑ መዋጥ አለበት።

"ዶክተር፣ እዘላለሁ?" አልኳት።

"አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ እራመዳለሁ ወይ ብለህ ጠይቀኝ።"

ወደ ሐይቅ ተመለስኩ፤ በጀርባዬ ተኛሁ፤ ወገቤ በጠንካራ ቀበቶ ታሰረ። ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል አውራ ጣቴን ላንቀሳቅስ እሞክራለሁ፤ በጨለማ ስለማላየው መንቀሳቀሱን አላውቅም። እናቴን ቀስቅሼ "እይልኝ" እላታለሁ። ኩራዝ እንደምታበራ ሁሉ የስልኳን መብራት አብርታ ታይና "ነቃነቅከው፣ አብሽር" ትለኛለች። አንዳንድ ቀን ሳላንቀሳቅሰውም እንደዚያ ትለኝ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

የበሽታውን ስም የሰማ ጎረቤት ከደጅ ሆኖ "እግዜር ይማርህ" ብሎ መመለስ ጀመረ። ሐኪሟ ሳንባዬን መርምራ ንጹሕ ነው፣ ወደ ሰው አይተላለፍም ብላናለች፤ ግን ለስንቱ ይነገራል? ዘሀራ አንድ ቀን ቤቱ በጠያቂ ተሞልቶ ሳለ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ከእጄ ወስዳ የተረፈውን ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው። ከዚያ ወዲያ ሰው ገብቶ መቀመጥ ጀመረ።

በጤና ጣቢያው መድኃኒቱን የምትሰጠኝ ሲስተር ብዙ ሰው ትንሽ ሲሻለው እንደሚያቋርጥ ነገረችኝ። ክኒኑ ያቅለሸልሻል፤ ሽንትን ብርቱካን ያስመስላል። እኔ አላቋረጥኩም፤ ምክንያቱን ላሳምረው አልፈልግም። ክኒኑ ጉሮሮዬ ላይ ሲቆም ደምሌ ለብሶት የሚሄደውን የአገር ቱታ አስባለሁ፤ ወዲያው ይወርዳል። እናቴ ሁኔታዬን እያየች፣ "ልጄ፣ ቅናት አጥንት ይበላል" ትለኝ ነበር።

"አጥንቴማ ተበልቷል፣ እማ። ከእንግዲህ ምን ይበላኛል?"

እየዋለ እያደረ አውራ ጣቴ ታዘዘኝ፤ ከዚያ ቆምኩ፤ ከዚያ ግድግዳ እየያዝኩ እስከ ደጅ ሄድኩ። ክብደቴም መመለስ ጀመረ። ሻምፒዮናው የደረሰው በዚህ መካከል ነው።

ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን ደምሌ ካረፉበት ሆቴል ደወለ። የሄዱት አሰልጣኞች ሁሉ የሩጫ ናቸው፤ ስለ ምርኩዝ የሚያማክረው ሰው የለውም።

"ይመርዋ፣ ከየት ቁመት ልጀምር?"

ነገሩን ላስረዳ። አግዳሚው ከዝቅተኛ ጀምሮ ከፍ ከፍ ይላል። ከየትኛው ቁመት እንደሚጀምር የሚመርጠው ዘላዩ ነው። ከዝቅተኛው የጀመረ ውጤት ይይዛል፤ ግን ጉልበቱን ቀድሞ ይጨርሳል፤ የሚስቅበትም አይጠፋም። ከፍ ካለው የጀመረ ጉልበቱን ይቆጥባል፤ ጀግናም ይመስላል። ነገር ግን በጀመረበት ቁመት ሦስቴ ከጣለ ያለ ምንም ውጤት ይወጣል። ከዚያ የከፋ ውርደት በእኛ ስፖርት የለም።

ደምሌ ደግሞ የመጀመሪያ ዝላዩ አይሳካለትም። ሲጀምር እጁ ይርበተበታል፤ ወገቡ የሚፈታው ኋላ ነው። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። "ከፍ አድርገህ ጀምር፣ ምን ያስፈራሃል" ማለት ይበቃ ነበር። ምክር ይመስላል፤ ማንም አይጠረጥርም። አፌ ላይ መጥታ ነበር። በፈጣሪ ፊት እላለሁ፣ ከንፈሬ ላይ ነበረች።

"ከዝቅተኛው ጀምር" አልኩት። "ማንም ይሳቅ። ዝቅ ብለህ ጀምርና ወገብህን ፍታ።"

"እሺ" አለ፤ እሺታው ግን ሙሉ አልነበረም።

ስልኩን ስዘጋ በራሴ ተናደድኩ። በሰው ክፉ መመኘት እንደምችል አውቃለሁ፤ ስለ ቁመት መዋሸት ግን አፌ እምቢ አለኝ። ዘሀራ ከበሩ ቆማ ስትሰማ ኖሮ በማግስቱ ዓሣ ቤቷ ለገባው ሁሉ "የአገሩ ተወዳዳሪ ወንድሜን ሳያማክር አይዘልም" እያለች ነዛችው።

ውድድሩን ያየሁት እዚያው ዓሣ ቤት ነው። ቤቱ ጢም ብሏል። እኔ በቀበቶዬ እንደታሰርኩ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ቴሌቪዥን ምርኩዝ ዝላይ አያሳይም፤ የሚያሳየው ሩጫ ነው። ሯጮቹ ኩርባው ጋ ሲደርሱ ግን ፍራሹና አግዳሚው ከኋላቸው ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ሰው ሁሉ ሯጮቹን ሲያይ እኔ ከኋላቸው ያለውን አያለሁ።

በሴቶቹ ሩጫ ጊዜ አንድ ቁመተ ረጅም ዘላይ አግዳሚውን ሲያልፍ አየሁ። ከጎን ደምሌ ቱታውን ሳያወልቅ ተቀምጧል። አግዳሚው ከፍ አለ፤ አሁንም ተቀምጧል። ዝቅተኛውን ሳይሞክር አሳልፎታል፤ አልሰማኝም ማለት ነው። የወንዶቹ አሥር ሺሕ ሜትር ተጀመረ። አንድ ዙር ላይ ደምሌ ምርኩዙን ይዞ ከመንደርደሪያው ጫፍ ቆሞ አየሁት፤ እጁን ባላየውም እንደሚርበተበት አውቃለሁ። ካሜራው ሄደ። ሲመለስ አግዳሚው መሬት ላይ ነው፤ ሰዎች ያነሡታል። ከብዙ ዙር በኋላ ደግሞ እንዲሁ።

"ተቀመጡ እባካችሁ! ከለላችሁኝ!"

"ምን ሆነሃል ይመር? መጨረሻው ዙር እኮ ነው!"

ሰው ተነሥቶ ቆመ። በትከሻዎች መካከል አንገቴን አስግጌ አየሁ። የእኛ ሯጭ ሁለት እጁን ዘርግቶ መስመሩን ሲያልፍ፣ ከኋላው በሩቅ ደምሌ ከነአግዳሚው ወደቀ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። የማላውቀው ሰው አቅፎ ጉንጬን ስሞ "አሸነፍን!" አለኝ።

ስመኘው የከረምኩት ነገር ይኸው ሆነ። ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ደስታው ግን አልመጣም። የመጣው ንዴት ነበር። ነግሬው ነበር እኮ! አንድ ቃል ቢሰማኝ ምን ነበረበት? ወደ ቤት ስገባ ክኒኑ የጠዋት ብቻ ሆኖ የማታ የሌለኝ መሆኑ እንኳ አናደደኝ፤ የምውጠው ነገር ፈልጌ ነበር።

ከዚያ ወሬው ተነሣ። ዘሀራ በጉራ የነዛችው ዞሮ መጣ። ውጫሌ ገበያ ላይ "የሐይቁ ልጅ ቀንቶ አሳሳተው" ይባል ጀመር፤ ዘሀራ ቤት ዓሣ የሚበሉ ሹፌሮች ወሬውን አመጡልን። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ሰው ቢያማኝ እችለው ነበር። አንድ ማታ ግን እናቴ ራሷ እግሬን እያሸችልኝ፣ ዓይኔን ሳታይ፣ "ልጄ፣ እውነት ነው እንዴ?" አለችኝ። እግሬን ከእጇ ሳብኩ። ቅናቴን ሳልደብቅ ኖሬ ስለነበር የሚያምነኝ ሰው ባጣ አይፈረድባቸውም። ደምሌ ደግሞ ከተመለሰ ወዲህ ስልኬን አያነሣም።

መድኃኒቴን ጨረስኩ። ደሴ ሄጄ እንደገና ኤምአርአይ ተነሣሁ። ሐኪሟ ፊልሙን ወደ መብራት አንሥታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። በሽታው ጠፍቷል፤ ሁለቱ አጥንቶች ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። ትሄዳለህ፣ ትሠራለህ፣ ታገባለህ፣ ትወልዳለህ አለችኝ። ሌላውን ሳልጠይቃት ራሷ ነገረችኝ። "ዝላይ ግን የለም። ያ ወገብ አንድ ክፉ አወዳደቅ አይችልም።" ለእናቴ ለመናገር አፌን ስከፍት "ድኗል!" ብላ እልል አለች፤ ተውኩት። ለዘሀራም አልነገርኩም።

እስከዚህ ያነበበ ይህን ይያዝልኝ። የወገብ ሕመም ሳምንታት አልፎት ካልለቀቀ፣ ላብና ክሳት ከተጨመረበት፣ ታይፎይድ ነው ሲሏችሁ አንዴ ብቻ እመኑ። መክሳት የሚያስደስት ሥራ የያዛችሁ፣ ሯጮችም ዘላዮችም፣ ሳትለፉ ስትቀሉ ደንግጡ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ በሽታዬን አልደበቅኩም፣ ጥሩ ዜና መስሎኝ ነው። መድኃኒቱን ከጀመራችሁ ደግሞ አታቋርጡ። በፍቅርም ሆነ በእልህ፣ በምንም ዋጡት።

እናቴ ለመዳኔ ሰደቃ አወጣች። ከሐይቅም ከውጫሌም ሰው መጣ፤ ተራ ለቀው ላስገቡኝ ሽማግሌ ሳይቀር ዱዓ ተደረገ። ምግቡ እየቀረበ ሳለ ደምሌ ከበሩ ብቅ አለ። ከውጫሌ የመጣ አንድ ዘመዱ፣ "አንተ፣ ካሳሳተህ ሰው ቤት ምን አመጣህ?" አለው፤ ቀልድ አስመስሎ።

"ማነው ያሳሳተኝ?"

"ከፍ አድርገህ ጀምር ብሎህ የለ?"

ደምሌ ጫማውን እያወለቀ፣ "ከዝቅተኛው ጀምር ነው ያለኝ" አለ። "እኔ ነኝ ያላመንኩት። ቀናተኛ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዝቅ ብዬ እንዲሳቅብኝ ፈልጎ ነው ብዬ ትቼው ከፍ ካለው ጀመርኩ። ስትጠይቁኝ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው።" ከዚያ ቀና አለ። "ቀናተኛስ ቀናተኛ ነው። ውሸታም ግን አይደለም።"

ሰው ሳቀ። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ትልቁን ትሪ ከፊቱ አኖረችለት።

ከምሳ በኋላ ሐኪሟ መራመድ ስላዘዘችኝ ሁለታችን ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው መንገድ በሐይቁ ዳር ወጣን። ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፤ እሱም እርምጃውን አሳጠረልኝ። ስለሚቀጥለው ዓመት ያወራል፤ አዲስ ምርኩዝ እንደሚመጣ፣ ስመለስ ክፍላችን እንደሚጠብቀኝ። እስኪጨርስ ጠበቅሁትና፣ "ደምሌ፣ ከእንግዲህ አልዘልም። አልተፈቀደልኝም" አልኩት። ለሰው ስነግር እሱ የመጀመሪያው ነበር።

ቆመ። ያጽናናኛል ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ፤ ለማጽናናት ትዕግሥት አልነበረኝም። እሱ ግን እንደመናደድ አለ።

"የአንተን ቅናትማ አገር ያውቀዋል" አለኝ። "የእኔን ያወቀ አለ? ስንት ዓመት ካጠገብህ ተኝቼ፣ አንተ ስታንኮራፋ እኔ የዝላይህን ቁመት በልቤ ስለካ አድሬ፣ ጠዋት የምነሣው አንተን ልበልጥ ነበር። ሻምፒዮናውም ላይ ከፍ ካለው የጀመርኩት አንተ ትጀምርበት ከነበረው ቁመት ልጀምር ብዬም ነው።" ወደ ሐይቁ ዞረ። "እና አሁን እኔ በማን ልቅና?"